አፈር ስሆን

አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣
ሦስት መደብ ቆስጣ፣ ሁለት ጎመን፣ አንድ ሰላጣ።
ውሃው ቀለም አለው፦ ማክሰኞ ሰማያዊ፣
ሐሙስ የቆዳ ሽታ፣ ቅዳሜ አረፋ ይዞ የሚመጣ።
እኛ አንጠይቅም። ውሃ ነው፤ ይጠጣዋል መሬቱ፣
ቅጠሉም የዝሆን ጆሮ ያህላል ስፋቱ።

ሚልኪ የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች፣
በአንድ ፌስታል አፈሬን፣ በሌላው ቅጠሌን ቋጠረች፣
በስድስተኛው ሳምንት ወረቀት ይዛ ተመለሰች።
"እትዬ አስካለ" አለች፣ "እርሳስ አለበት።"
ሳቅኩ።
ያብፀጋ ጥሎት ይሆናል፤
በየሳምንቱ ነው አንድ የሚጠፋበት።
እሷ አልሳቀችም።
"ይሄኛው አይጽፍም" አለች፤ ቆየችና ደግሞ፣
"ይጽፋል እንጂ። የልጅ አጥንት ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ከርሞ።"

ሌሎቹን ብረቶች ስማቸውን አልያዝኩም።
የያዝኩት ሌላ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም፦
ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሳዬ ቆስጣ
ቤቴ አልገባም።
ለልጄ ከመቂ መኪና የሚወርደውን ገዛሁ፣
የራሴን ሸጥኩ።
ዋጋ እንኳን አልቀነስኩ።

ዘሀራ፣ ስድስት ወሯ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣
"ቆንጆ ነው ወይ ዛሬ?" ስትለኝ ቆማ ፊቴ፣
"አፈር ስሆን" አልኳት፣ "ውሰጂ እህቴ።"

አፈር ስሆን!
ስንት ዓመት ስለው ኖርኩ፤
የትኛውን አፈር እንደሆነ
ያን ሌሊት ነው ራሴን የጠየቅኩ።

ሚልኪ ክዳን ያለው በርሜል ይዛ መጣች።
"ጭስ አይደለም፣ አመድም አይደለም፤
መሃሉን ነው የምንፈልገው" አለች።
ከጫት ቤቶች ደጃፍ ገረባ በጆንያ ለቀምን፣
ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ ከጠባሾች ቆረቆንዳ ለመንን፣
አየር ከልክለን ለኮስነው። ታፍኖ ዋለ፤
እንደኔ ነገር፣ ሳይነድም ሳይበርድም፣ ከሰለ።

አቶ ጉደታ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ፣
"ከሰል ይሸጣል እንጂ ይቀበራል ወይ?
ማዳበሪያው ስንት እንደገባ ገበያ አልወጣሽም ወይ?"
መልስ አልነበረኝም።
እኔም የተቀበረ ሰው እንጂ
የተቀበረ ከሰል አይቼ አላውቅም።

"መርዙን ያወጣዋል?" አልኳት። "አያወጣም" አለች፣
አንዱን ጓል ሰብራ ቀዳዳውን እያሳየች፦
"ቤቱ ብዙ ነው፤ ያስገባና በሩን ይይዛል።
እርሳሱ እዚያው አለ፤ ወደ ሥሩ መሄዱ ግን ያንሳል።
ግዞት በይው።"
ግዞት። ወደድኩት ቃሉን።
ከነስሙ፣ ከነክብደቱ፣ በጥቁር ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ
ጎመኔ ሲያድግ ይይ።

"ወንዙስ?" አልኳት።
ዝም አለች። ከላይ የፈረቃው ጡሩምባ ነፋ።
ተነስተን ታጠብን፤ የእጃችን ጥቁረት ግን አልጠፋ።

አንድ ወቅት አልሸጥኩም።
ያብፀጋ ጣውላ ላይ በዚያች በተረፈችው እርሳሱ
"አይሸትም" ብሎ ጻፈልኝ፤
"ጠ" ናት አልኩት፤ አረመ፤
ዝናቡ እስኪያጠበው መደቡ ራስ ላይ ቆመ።
ዕቁቤን አቋረጥኩ። ለመስከረም ያልኩት ጫማ
ጥር ላይ ደረሰ።

ሁለተኛው ወረቀት፦ ቆስጣው ከግማሽ በታች ወርዷል፣
ጎመኑም ደህና ነው፣
ሰላጣው ገና።
ሰላጣውን በገዛ እጄ ነቀልኩት፣ ቲማቲም ተከልኩ፤
ከወንዙም ቧንቧዬን ነቅዬ ከአቶ ጉደታ ጉድጓድ
በጀሪካን፣ በብድር፣ መቅዳት ጀመርኩ።
(ሲሰጠኝ እያጉረመረመ ነው።
ባለፈው ሳምንት ግን በርሜሉን ተዋሰኝ።)

ዛሬ ዘሀራ መጣች። ልጇን አዝላለች።
"ቆንጆ ነው ወይ ዛሬ?" አለች።
አንድ ቅጠል ቀነጠብኩ፣ ጥሬውን፣ ፊቷ፣ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ።
ዘንቢሏን ዘረጋች። አልሞላሁላትም።
ጫፉን ያዝኩት።

"አፈር ስሆን፣ ዘሀራ፣" አልኳት፣
"ከመግዛትሽ በፊት ስሚኝ።
ያኔ፣ ስድስት ወርሽ ሳለሽ..."

ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ
ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ከሰል ያያል።